ሱፍ አበባ በዘንገና አጥር ሥር

ዘንገና ላይ ፀሐይ ወጣች ማለት ሞቀ ማለት አይደለም። በጥቅምት ማለዳ ጉሙ ከሐይቁ ዙሪያ ጫካ ተነሥቶ አፋፉ ላይ ይንጠለጠላል። ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ የሚያልፉ መኪኖች መብራታቸውን ሳያጠፉ ይነዳሉ። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ሲሉ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ሐይቁ ከሥር ይታያል። ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ክብ ጉድጓድ ነው፤ 166 ሜትር ይጠልቃል ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ብርዱ ረፋዱ ካልተጋመሰ አይለቅም።

ንብ ይህን ብርድ አትችለውም። አየሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ከቀፎዋ ብዙም አትወጣም፤ ወጥታ ከተገኘችም ቅጠል ላይ ደርቃ ፀሐይ ስትጠብቅ ነው። ስለዚህ ዘንገና በሚገኝበት በባንጃ ደጋ የንብ የሥራ ቀን አጭር ነው። ረፋድ ላይ ይጀመራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ወይም ካፊያ ሲመጣ ያበቃል። እዚህ አገር ብናኙን በንብ የሚያገኝ አበባ ሁሉ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ንብ ካላገኘ ዘር አይዝም።

ከሐይቁ ወረድ ብሎ በቀርከሃ የታጠረ ጓሮ አለ። ጎመኑ አብቧል፣ ድንቹ ተቆፍሮ ግማሹ ቀርቷል፣ ጌሾው ጥግ ይዟል። ከአጥሩ በላይ ደግሞ ጥቂት ሱፍ አበቦች አንገታቸውን አውጥተዋል። ጀርባቸውን ለመንገደኛው ሰጥተው ሁሉም ወደ ምሥራቅ ይመለከታሉ። ጉሙ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይገፈፍ ንቦች መሐላቸው ላይ ሰፍረዋል። ሁለት እርምጃ ርቆ በቆመው የጎመን አበባ ላይ ግን እስካሁን አንዲት ንብ አልደረሰችም።

የጓሮው ባለቤት ታዛቸው ሥር ሁለት ባህላዊ ቀፎ የሰቀሉ እናት ናቸው።

«እማማ፣ ዘሩን ከየት አገኙት?»

«ከዳንግላ ገበያ ነው ልጄ። ለጾም ልቆላው ብዬ ገዝቼ፣ ከእፍኙ ትንሽ ለምድር ጣል አደረግሁ።»

«ታዲያ ካፈራው ቆሉ?»

«ወፉ ምን አስቀርቶልኝ! ንቦቼ ግን ወደዱት። አሁን የምዘራው ለእነሱ ብዬ ነው። ቡናዬን ሳልጨርስ እዚያ ናቸው።»

እኒህ እናት ያዩትን ነገር የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ብዙ ደክመው ነው ያረጋገጡት። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ጥናታቸው ሱፍ አበባ ለምን ፀሐይን እንደሚከተልና ለምን በስተመጨረሻ እንደሚያቆም መልስ ሰጥቷል። ለጋው ተክል ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ሌሊቱን ደግሞ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ተመልሶ ምሥራቅን ይጠብቃል። የሚያዞረው ግንዱ ነው። ቀን የግንዱ ምሥራቃዊ ጎን ይበልጥ ያድግና አናቱን ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ሌሊት ምዕራባዊው ጎን ያድግና ይመልሰዋል። በጨለማ ብርሃን ሳይኖር መመለሱ ተክሉ ቀኑን በውስጡ በተሠራ ሰዓት እንደሚቆጥር ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ግንዱን አስረው እንዳይዞር ሲያደርጉት ክብደቱም የቅጠሉ ስፋትም በ10 በመቶ ያህል ቀነሰ።

ግንዱ ማደጉን ሲጨርስ መዞሩም ያበቃል። አበባው ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንዳደረገ ይቀራል። ለምን ምሥራቅ? አጥኚዎቹ በማሰሮ የተተከሉ ሱፍ አበቦችን ግማሾቹን ወደ ምዕራብ አዙረው አስቀመጡና ንቦቹን ቆጠሩ። ወደ ምሥራቅ የሚያዩት አምስት እጥፍ ያህል ንብ አገኙ። የማለዳዋ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታገኛቸው ቶሎ ይሞቃሉ፤ ንብም የሞቀ አበባ ትመርጣለች። ወደ ምዕራብ የዞሩትን በማሞቂያ ሲያሞቁላቸውም የጎብኚያቸው ቁጥር ከፍ አለ።

ይህን ሳነብ ወዲያው ያሰብሁት ዘንገናን ነው። ሞቃት በሆነው የካሊፎርኒያ ሜዳ ላይ እንኳ የጠዋት ሙቀት ይህን ያህል ልዩነት ካመጣ፣ ጉም ለብሶ በሚያድር ደጋ ላይ ምን ያህል እንደሚያመጣ መገመት አያዳግትም። ለእኔ የሱፍ አበባ የጓሮ ዋጋ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ውበቱም እንኳ ቢሆን ከዚህ ሥራ የተለየ አይደለም።

ውበቱን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ ብዙ መቶ አበቦች አንድ ገበታ ላይ የተሰበሰቡበት ነው። ዳር ያሉት ቢጫ ምላሶች ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው መጥራት ብቻ ነው። ዘር የሚሆኑት መሐል ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ቱቦዎች ሲሆኑ በትልቅ ራስ ላይ ከ1 ሺህ ይበልጣሉ። ሁሉም በአንድ ቀን አይፈኩም። ከዳር ጀምረው ወደ መሐል በየቀኑ አንድ አንድ ዙር ይከፈታሉ፤ እያንዳንዷ ቱቦ በመጀመሪያው ቀን ብናኝ ትሰጣለች፣ በማግስቱ ብናኝ ትቀበላለች። ንብ ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰች በየቀኑ አዲስ ማዕድ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ድርድሩም ያስደንቃል። ከመሐል ወደ ዳር የሚዞሩትን ጠመዝማዛ መስመሮች ብትቆጥሩ በአንድ ወገን 34፣ በሌላው ወገን 55 ታገኛላችሁ፤ በትልልቆቹ ላይ 55 እና 89። ተክሉ ክፍት ቦታ ሳያባክን ዘሩን ለማሸግ ያገኘው ዘዴ ነው። ንብ ደግሞ እኛ የማናየውን ታያለች። ቢጫ ምላሶቹ ከሥራቸው በኩል አልትራ ቫዮሌት ብርሃንን ይውጣሉ፣ ከጫፋቸው በኩል ይመልሳሉ። ለእኛ ወጥ ቢጫ የሆነው ለእሷ መሐሉ የጠቆረ ቀለበት ነው።

ይህ ተክል የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። ከ4 ሺህ ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የነበሩ ነባር ሕዝቦች ያላመዱት ነው። ስፓኛውያን በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ለብዙ ጊዜም የጓሮ ጌጥ ሆኖ ኖረ። የዘይት ተክል ያደረጉት ሩሲያውያን ናቸው። ዳኒል ቦካሪዮቭ የተባለ ጭሰኛ እ.ኤ.አ. በ1829 አሌክሴየቭካ በተባለ መንደር ዘሩን በእጅ መጭመቂያ ጨምቆ ዘይት አወጣ። ቅቤ በማይነካበት የጾም ወራት የሩሲያ ኦርቶዶክሶች ይህን ዘይት እንደ ወደዱት ይነገራል፤ ለእኛ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ20ኛው መቶ ዘመን ቫሲሊ ፑስቶቮይት የተባለ አዳቃይ ክራስኖዳር ውስጥ ለዓመታት ዘር እየመረጠ የዘይቱን መጠን ከ30 በመቶ ገደማ ወደ 50 በመቶ አደረሰው። ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ነባር ዝርያዎች አንዱ «ራሺያን ብላክ» የሚል ስም ይዞ የቀረውም ከዚያ ታሪክ የተነሣ ነው።

እሾሃማው የአገራችን ሱፍ ሌላ ተክል መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። የጥንቱ የሱፍ ፍትፍት የዚያኛው ነው። ዛሬ በብዙ ቤት የሚቆላው፣ ተወቅጦና ተጠልሎ ወተት የመሰለ ውሃ የሚወጣው ግን ከዚህ ከባለ ትልቅ ራሱ ነው፤ ገበያውም ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ይህ አበባ ከጓሮ ወጥቶ የኪስ ጉዳይ ሆነ። ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው የሱፍ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሩሲያና ከዩክሬን ነበርና ዘይት በየአገሩ ተወደደ። ዘንገና የሚገኝበት አዊ ዞንም ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ከዘንገና በደቡብ በኩል ባለችው ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ ነው የተነሣው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚጠግበው በሰፊ እርሻ እንጂ በጓሮ አይደለም። የዘንገና ደጋ ለሰፊ የሱፍ አበባ እርሻ አይሆንም፤ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል፣ ዝናቡ ያበዛበታል፣ አፈሩም ይከብደዋል። ለጓሮ ግን ይሆናል፤ እኔም የምሟገትለት ለዚያ ነው።

እንዲያውም የአዊ ትልቁ ቢጫ ሜዳ የሱፍ አበባ አይደለም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ደጋው ይለሰልሳል፣ አየሩም ይሞቃል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በዚያ በኩል ያለፈ ሰው የኑግ ማሳ ሳያይ አይቀርም። ኑግ የሱፍ አበባ ዘመድ ነው። ዳር ዳሩን ብዙ ጊዜ ስምንት የሆኑ ቢጫ ምላሶች ይከቡታል፤ መሐሉ ላይ እንዲሁ ትንንሽ ቱቦዎች ተሰብስበዋል። አፈጣጠሩ አንድ ነው፣ መጠኑ ያነሰ። ያላመዱት ግን የእኛ ገበሬዎች ናቸው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ካሲኒ እ.ኤ.አ. በ1829 የታሪክ ጸሐፊውን የጊዞን ስም አወጣለት፤ ያ ዓመት ቦካሪዮቭ ዘይት የጨመቀበት ዓመት መሆኑ ነው። ኑግ በጥንት ዘመን ወደ ሕንድ ተሻግሮ እዚያም እርሻ ሆኗል።

ዛሬ ደግሞ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። የኢትዮጵያና የሕንድ ኑግ እዚያ የሚገዛው ለወፍ ነው። ሰዎች በግቢያቸው ቀዳዳ ባለው ቱቦ ውስጥ ሞልተው ይሰቅሉታል፤ ቢጫ ትንንሽ ወፎች እየመጡ ይለቅሙታል። አብሮት ጥገኛ አረም እንዳይገባ፣ ዘሩም እንዳይበቅል አስቀድሞ በሙቀት ይታከማል። ከአሜሪካ የመጣውን አበባ እኛ በአጥራችን ሥር ለንብ እንተክላለን፤ ከእኛ የሄደውን ዘር እነሱ በግቢያቸው ለወፍ ይሰቅላሉ። ይህ መለዋወጥ ደስ ይለኛል፤ አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ሱፍ አበባን አይተን ፎቶ የምንነሣ ሰዎች ኑግ መሐል ቆመን ለማየት አናስብም።

ኑግ ለገበሬው ምን እንደሆነ የዳንግላን ሰው መጠየቅ ነው። ዘይቱ አለ፤ ከዘሩ ክብደት ከ30 እስከ 50 በመቶ ይሆናል። ሲጨመቅ የሚቀረው ፋጉሎ ለበሬና ለላም ነው። ተቆልቶ ተወቅጦ ለጾም ፍትፍት ይሆናል፣ ለጉንፋን ይጠጣል። ውሃ ያቆረ መሬት ላይ ሌላው ሰብል ሲበሰብስ እሱ ይቋቋማል፤ ኑግ በነበረበት ማሳ ላይ በማግስቱ ዓመት እህል እንደሚሰምር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ድክመቱም ከአበባው ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ ዘር አይዝም፤ የሌላውን ተክል ብናኝ ይፈልጋል። ንብ ካልመጣች የአበባው ራስ ባዶ ይቀራል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ፎገራ-1፣ እስቴ-1፣ ኩዩና ሻምቡ-1 ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ የትኛውም ቢዘራ ንብ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የንቧን ዓመት ማወቅ ግድ ይላል። ክረምቱ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚደርስላት አደይ አበባና መጭ ነው። መጭ የኑግ የዱር ወንድም ነው፤ ጤፍ ውስጥ ሲገባ አረም ይባላል፣ ንብ አናቢ ግን ያከብረዋል። ከዚያ ኑግ ይቀበላታል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ቢጫ፣ ቶሎ የሚረጋው ማር የእነዚህ ነው። አደይ፣ መጭ፣ ኑግ፣ ሱፍ አበባ፣ እሾሃማው ሱፍ፣ ግራዋ፣ አሪቲ ሁሉም ከአንድ ሰፊ ቤተሰብ ናቸው። ከዚሁ ቤተሰብ ደግሞ እንደ ሱፍ አበባ ከአሜሪካ የመጣው ቅንጨ አረም ወጥቷል፤ ዘመድ ሁሉ አይጠቅምም።

ኑግ ታጭዶ ሲከመር ግን የንብ ማዕድ ይነሣል። በታኅሣሥና በጥር ግራዋና ባሕር ዛፍ በየቦታው ያግዛሉ፤ ከዚያ በኋላ እነ ብሳና እስኪያብቡ ብዙ ቀፎ ይከሳል። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ወረዳዎች ሌላም ለውጥ መጥቷል። ብዙ ገበሬ ለከሰል ሲል የእህል ማሳውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎበታል። ዲከረንስ ለቤተሰብ ገንዘብ አምጥቷል፣ የተራቆተ ኮረብታም አልብሷል፤ ይህን መካድ ልክ አይደለም። ቢሆንም ሙሉ ኮረብታ በአንድ ዛፍ ሲሸፈን አደዩና መጩ ከሥሩ ቦታ ያጣሉ። በቅርብ ዓመታት ዋግ መሰል በሽታ ዲከረንሱን ሲመታው ገበሬው ሁሉን በአንድ ተክል ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል አይቷል።

ሱፍ አበባ ለጓሮ የሚጠቅመው በዚህ የንብ ማዕድ ክፍተት ላይ ነው። ኑግ የሚያብበው በወቅቱ ብቻ ነው፤ ሱፍ አበባ ግን ውሃ ካገኘ ለቀን ርዝመት ብዙም ስለማይጨነቅ በፈለጉት ጊዜ ይዘሩታል። ወይና ደጋ ላይ፣ በዳንግላ ዙሪያ፣ በመስከረም መጨረሻ የተዘራ በታኅሣሥ ያብባል። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ፍሬ እየጣሉ ከቀጠሉ ደግሞ አበባው እስከ የካቲት ይዘልቃል። የቤት ውሃ እጣቢ ለጥቂት እግር ይበቃል። ዘንገና አፋፍ ላይ ግን ውርጭ አለ። ለጋ ችግኝ ቀላል ውርጭ ይችላል፤ እምቡጥ የያዘ ተክል ግን ይቃጠላል። ስለዚህ በደጋው ሐምሌ ላይ ዘርቶ ጥቅምት ላይ ማሳበብ፣ ወይም ውርጩ ካለፈ በኋላ በየካቲት መዝራት ይሻላል። ብርዱ ስለሚያዘገየው ወይና ደጋ ላይ ከሚወስደው ጊዜ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አፈሩ ዋናው ጉዳይ ነው። የባንጃ ቀይ አፈር በዝናብ ብዛት ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬው ለስንዴና ለገብስ ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው። ሱፍ አበባ አሲድ አይወድም። ሥሩ እስከ 2 ሜትር የመጥለቅ ኃይል አለው፤ አሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አልሙኒየም ግን ጫፉን ይገድለዋል፣ ተክሉም ጉልበት ሳይደርስ እድገቱ ይቆማል። እማማ በዘሩበት ቦታ ላይ ያየሁት ይህንን ያስረዳል። አጥሩ ሥር፣ የምድጃ አመድ ዓመት ሙሉ በሚደፋበት፣ አበቦቹ ከሰው ቁመት አልፈዋል፤ ከዚያ ራቅ ብለው የወደቁት ዘሮች ግን ከጎመኑ እኩል ናቸው። አመድ የአፈር አሲድን ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም ይጨምራል። ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ ከመዝራት አስቀድሞ ቢገባ ይበቃል።

ዘሩን ሦስት ጣት ያህል አስገብቶ፣ በመካከሉ አንድ ክንድ ትቶ መዝራት ነው። ከድንች መደብ ማራቅም ይገባል፤ ሱፍ አበባ ከሥሩና ከሚወድቀው ገለባው ጎረቤቱን የሚጫን ንጥረ ነገር ይለቃል። በዓመቱ ቦታውን መቀየር ደግሞ ሥር የሚያበሰብሰውን በሽታ ይከላከላል። ነፋስ ባለበት አፋፍ ላይ የቀርከሃ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ እንጅባራ ላይ ቀርከሃ አይቸግርም። አንድ ትልቅ ራስ ከመጠበቅ ይልቅ ብዙ አበባ የሚፈልግ፣ ተክሉ ጉልበት ሲደርስ ጫፉን ቢቀጥፈው ቅርንጫፍ ያወጣል፤ አበባው ትንሽ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ለአበባ ነጋዴ ተብለው የተዳቀሉትን ብናኝ አልባ ዝርያዎች ለንብ አልመክርም። ጠረጴዛ አያቆሽሹም፤ የቀፎ እጭ የሚመገበው ብናኝ ግን አይሰጡም።

ወፉስ? እማማ ዘሩን ሁሉ ማጣታቸው አላስከፋቸውም፤ ለጾም የሚፈልግ ሰው ግን ዘዴ አለው። የአበባው ጀርባ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ሲቀየር በስስ ጨርቅ ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ መሸፈን ነው። ጀርባው ቡናማ ሲሆን ከአንድ ስንዝር ግንድ ጋር ተቆርጦ ታዛ ሥር ተዘቅዝቆ ይደርቃል። ግንዱ ለማገዶ ይሆናል። ለዘር ከሁሉ ቀድሞ ያበበውን ሳይሆን ጤነኛውንና ሙሉ ፍሬ የያዘውን መምረጥ ያስፈልጋል። በየዓመቱ እንዲህ እየተመረጠ የዘንገናን ብርድ የለመደ ዘር ቀስ በቀስ ሊወጣ ይችላል።

ጎረቤቶች ዘር እየጠየቁ እንደሆነ እማማ ነግረውኛል። ለሚጠይቃቸው ሁሉ ዘሩን ከአንድ ማሳሰቢያ ጋር ይሰጣሉ።

«መጩን ከድንበራችሁ አትንቀሉት እላቸዋለሁ። ይህ ትልቁ አበባ ለእንግዳ ጊዜ ነው፤ ቀፎዬን የሚሞላው መጭ ነው።»

እኔም የምስማማው በዚህ ነው። በማሳ ድንበርና በመንገድ ዳር ያለውን መጭና አደይ አብቦ ዘሩን እስኪጥል ሳያጭዱ መተው ምንም ወጪ የለውም። ጤፉ መሐል ያለው ይታረም፤ የድንበሩ ይቆይ። ከእሱ ጋር በየቤቱ አጥር ሥር፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ምሥራቃዊ ጎን፣ አመድ የተደፋበት አንድ መደብ ሱፍ አበባ ቢጨመር የዳንግላ ኑግ ንቦች ከኅዳር በኋላ፣ የዘንገና ቀፎዎችም ውርጩ ሲያልፍ የሚበሉት ያገኛሉ። ዘሩ በየገበያው ለመቁላት ይሸጣል፤ ያልተቆላና ቅርፊቱ ያልተነካ መሆኑን አይቶ ከእፍኙ ላይ ጥቂት ማስቀረት ብቻ ነው።